ለሐዋ ምስክር ፍለጋ

የአንድ ሰው ስም ጠርታችሁ ግቢ ሙሉ ሰው ሲያለቅስ ደርሶባችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል፤ ያውም ለበጎ ሥራ ሄጄ። እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ላስረዳ።

ዓርብ ማለዳ፣ መካነ ሰላም

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጥቁር ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተከናንቤአለሁ። ረዳቱ «ከላላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ የመኪናው ግማሽ ወንበር ግን ባዶ ነው። ከማዶ፣ በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ሐዋ ከሁለት ልጆቿ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ትልቋ ልጅ ራህመት ተማሪዬ ናት። ክፍል ውስጥ ለምን እንቅልፍ እንደሚጥላት ስጠይቅ ነው ይህን በረንዳ ያወቅሁት።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። የሰፈራችን ቅሬ ድንኳንና ድስት ከሚያስቀምጥበት ቤት ጎን አንዲት ትርፍ ክፍል አለችው። ክፍሏን ቤት ላጣ ቤተሰብ እንስጣት የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ሴቶቹ ምንጣፍና ዕቃ ሊያዋጡ፣ ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤታችን ደግሞ ለሐዋ ሥራ ልትሰጥ ቃል ገብተዋል። ችግሩ፣ ክፍሏ የምትሰጠው ለቅሬው አባል ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ደግሞ አባል የሚሆነው የቀድሞ ቅሬው «ከእኛ ጋር በሰላም ኖሯል» ብሎ ሲመሰክርለት ነው።

የቅሬውን መሪ፣ ዳኛ የምንላቸውን አያ ሽመልስን «በስልክ አይሆንም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

«ቲቸር፣ ቅሬ በስልክ ይቀብራል እንዴ?» አሉኝ። «እስከ እሁድ ስብሰባ ሰው አምጪ። አንድ ነጋዴ ክፍሏን ለእህል መጋዘን ፈልጓታል። ግማሹ አባል ወደ እሱ አዘንብሏል።»

ሐዋ ራሷ መሄድ አልደፈረችም። ባሏ ሞቶ፣ ቤቷ በክረምት ዝናብ ፈርሶ፣ ማንንም ሳትሰናበት ነው ከላላ አጠገብ ካለው መንደሯ የወጣችው። «ባሌን ቀበሩልኝ፣ አብረውኝ አለቀሱ፤ እኔ ጥያቸው ወጣሁ። በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለችኝ።

መኪናው ሲነሳ በመስኮት አየኋት። እጇን አላወዛወዘችም።

ዓርብ ከሰዓት፣ መንገድ ላይ

ጠጠር፣ ጭቃ፣ እንደገና ጠጠር። ከግራና ከቀኝ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጭነት የተሸከሙ በቅሎዎች። አንድ ቁልቁለት ላይ ጎማ ተነፈሰና ወርደን ቆምን። ሹፌሩ ጎማውን እየፈታ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ለአንዲት ሴት ምስክር ፍለጋ።»

«ፍርድ ቤት ነው?»

«አይ፣ ቅሬ።»

«እሱማ ይብሳል! ፍርድ ቤት ይግባኝ አለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን «ሐዋ? ትታን የሄደች ሴት ናት፤ አናውቃትም» ቢሉኝስ እያልኩ አሰብኩ። ያን ቃል ይዤ ወደዚያ በረንዳ መመለስ አልችልም። ከላላ ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። አልጋ ይዤ፣ ዳቦ በሻይ በልቼ፣ ነገ የምናገረውን በቅደም ተከተል አጠናሁ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ የሐዋ መንደር

ሰው ወደ ገበያ ሳይወጣ ልድረስ ብዬ በጨለማ ተነሳሁ። ሰማዩ ሲገረጣ መንደሩ ገባሁ። በመጀመሪያው አጥር አጠገብ አንድ ሰው አገኘሁና ያጠናሁትን ተናገርኩ፦ «የቅሬው ዳኛ ቤት የት ነው? ስለ ሐዋ ጉዳይ ከመካነ ሰላም ነው የመጣሁት።»

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። ፊት ፊቴ እየሄደ መራኝ። በየደጁ ስናልፍ ሰው እየወጣ ይከተለናል። የዳኛው የአባ ይማም ግቢ ስንደርስ ሽማግሌው ገና ከሶላት እየተነሱ ነበር። ሻርፔን አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወይኔ ሐዋዬን! ሐዋዬን!» ብላ ደረቷን መታች። ግቢው በአንድ ጊዜ ለቅሶ ሆነ።

ያኔ ነው የገባኝ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ የሚነገረውም በቅሬ ዳኛ በኩል ነው። ይህን አውቃለሁ! ግን በዚያ ማለዳ አላሰብኩትም።

«ኧረ አልሞተችም! በሕይወት ናት!» አልኩ። የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ተማሪ በምቆጣበት ድምፄ «ጸጥታ!» ብዬ ጮህኩ። ጸጥ አሉ።

«አልሞተችም?» አሉ አባ ይማም።

«አልሞተችም፣ አባባ።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። ራህመት በሒሳብ ጎበዝ ናት።» ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ደረቷን የመታችው የሐዋ የቀድሞ ጎረቤት እትየ ዘሀራ ናት። «አንቺ ልጅ፣ አላህ ይይልሽ!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጥቁር ሻርፕ! ቀትር ላይ ብትመጪ ምን ነበረበት?»

ለቅሶው ሳቅ ሲሆን ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። አባ ይማም መሬቱን በከዘራቸው ጫሩ።

«ሳትሰናበት ነው የሄደችው» አሉ። «ይህ ነውር ነው።»

እትየ ዘሀራ ግን ብድግ አለች። «ነውሩስ የማን ነው? ባሏን ቀበርንላት፤ ቤቷ ሲፈርስ አንድ ምሰሶ ያቆመላት ማን ነው? ለቅሶ በተነሳ ቁጥር ሁለት ሸክም እንጨት የማወጣው ለምን ይመስልዎታል? አንዱ የሐዋ ነው!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ አባ ይማም። «ሁለቱንም ስቀበልሽ አንድ ቀን ምን ብዬሽ አውቃለሁ?»

በቅሬ ሕግ በለቅሶ የሚዋጣው እንጨት የገባለት ሰው አባል ነው። ሐዋ ሳታውቀው አንድም ቀን ከቅሬዋ አልወጣችም። አባ ይማም ካፖርታቸውን እንዲያመጡላቸው አዘዙ።

እሁድ፣ መካነ ሰላም

ቅዳሜ መኪና አጣን። እሁድ ማለዳ አንድ እህል የጫነ አይሱዙ አዘነልን። አባ ይማም፣ እትየ ዘሀራ ያሰረችውን አንድ ሸክም እንጨት ይዘው ጋቢና ሊገቡ ሲሉ ሹፌሩ «አባባ፣ መካነ ሰላም እንጨት ጠፋ እንዴ?» አላቸው።

«የዚህ ዓይነቱ የለም» አሉና እንጨቱን ከኋላ አስጫኑ።

መንገዱን ሁሉ ፀሐይዋን ስለካት ዋልኩ። ስንደርስ ስብሰባው ሊበተን ነው፤ ነጋዴው ክፍሏ ተፈቅዳለት ቆሞ እያመሰገነ ነበር። አባ ይማም በመሀል አልፈው እንጨቱን ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ጣል አደረጉ።

«የሐዋ ድርሻ ነው። እኛ ጋ ጎድሎባት አያውቅም፤ እናንተም ጋ እንዳይጎድልባት ብዬ ነው።»

አያ ሽመልስ እንጨቱን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ነጋዴውን «ይቅርታህን» አሉት። ከዚያም ወደ ወጣቶቹ ዞረው «እንጨቱን አስገቡ» አሉ።

ሐዋ ከደጅ ፊቷን ሸፍና ቆማለች። አባ ይማም ጠጋ ብለው «ከዚህ ስትወጪ ደግሞ ሳትሰናበቺ እንዳትሄጂ» አሏት። የዚያን ቀን ራህመት የክፍላቸውን በር ሦስቴ ከፍታ ዘጋችው፤ የሚዘጋ በር መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

እናንተም ሞክሩት። በሰፈራችሁ በረንዳ ላይ የሚያድረውን ሰው ከየት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ቅሬው ወይም ዕድሩ የት እንደነበር ጠይቁት። ከዚያ ሂዱና ሰዎቹን ፈልጓቸው። ቀትር ላይ ግን ይሁን፤ ጥቁርም አትልበሱ።