የታከመውን ዘር የቀመሰው ገበሬ

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ መጨረሻ ነው። ሰው ፊት ስዋረድ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ በገዛ አፌ የተዋረድኩት ግን ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ሰቆጣ ነው። ኒሯቅ አካባቢ ላሉ ገበሬዎች ስለ ላም አተር አዘራር ሥልጠና እንድሰጥ ተላክኩ። ሥልጠናው በአያ ኪሮስ ማሳ ላይ ነበር። አያ ኪሮስ ሰባ ያለፋቸው፣ ንግግር የማያበዙ ገበሬ ናቸው።

ማሳውን በቅጡ ሳላይ ጀመርኩ። መሬቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታረስ፣ ጓሉ ይከስከስ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ቦይ ይውጣለት አልኩ። አያ ኪሮስ እስክጨርስ ጠብቀው፣ “የቆምክበትስ ምን ይመስልሃል?” አሉኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ሦስቴ የታረሰ አፈር ጫማዬን ውጦታል። ቦዩም ከጀርባዬ ነበር። ሰዉ ሳቀ። እኔም ወረቀቴን ገልጬ ወደ ሁለተኛው ርዕስ አለፍኩ።

ሁለተኛው ርዕስ ዘር ማከም ነው። ዘሩን ሳፋ ውስጥ ጨምሬ፣ ከተባይና ከሻጋታ የሚከላከለውን ቀይ ዱቄት ነስንሼ አሸሁት። ጓንት ስላልተሰጠኝ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር። “ይህ መርዝ ነው። የታከመ ዘር አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም” እያልኩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘር ሲጠብቁ ለኖሩ ሰዎች አንድ ሰዓት ያህል ለፈለፍኩ።

በመጨረሻ አንዱ ገበሬ ዘሩ በደንብ ደርቆ እንደሆነ ጠየቀኝ። የዘርን ድርቀት በጥርስ ሰብሮ ማየት የቆየ ልማዴ ነው። ፌስታሉን አወለቅኩ፣ ከሳፋው ጥቂት ፍሬ አነሳሁና አፌ ውስጥ ከትቼ ቀጭ አደረግኩት።

“በደንብ ደርቋል” አልኩ።

አሁን ማንም አልሳቀም። አያ ኪሮስ ተንደርድረው መጥተው አገጬን ያዙ። “ትፋው ልጄ፣ ትፋው” አሉኝ። ከንፈሬ ቀልቷል። አፌን በጀሪካን ውኃ አጉመጥምጠው በሞተር ጤና ጣቢያ አስወሰዱኝ።

ነርሷ የሆንኩትን ሰምታ፣ “የታከመ ዘር እንደማይበላ የነገረህ ሰው የለም?” አለችኝ።

“ነጋሪው እኔ ነኝ” አልኳት።

እዚያው ተኝቼ በክትትል ዋልኩ። ደግነቱ ምንም አልሆንኩም።

በማግስቱ ሪፖርት ጻፍኩ። “አንድ የሥልጠናው ተሳታፊ በጥንቃቄ ጉድለት የታከመ ዘር ቀምሶ የሕክምና ዕርዳታ አግኝቷል” አልኩ። ቃል በቃል ብታዩት ውሸት የለበትም።

ከወር በኋላ አለቃዬ ማሳውን ሊጎበኝ አብሮኝ መጣ። ላም አተሩ ጥሩ አድርጎ በቅሏል። እሱ ግን ሰብሉን ሳያይ፣ “ዘሩን የቀመሰው ገበሬ የትኛው ነው?” ብሎ ጠየቀ።

ማሳው ላይ የተሰበሰቡት ገበሬዎች ሁሉ እኔን አዩ። እኔ የማስታወሻ ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁ።

“እኔ ነኝ ጌታው” አሉ አያ ኪሮስ። “እርጅና ነው።”

አለቃዬ ግማሽ ሰዓት መከራቸው። መርዝ ምን እንደሆነ፣ አፍ ለምን እንደሚያገለግል ሳይቀር አስረዳቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው “እሺ፣ እሺ” እያሉ ሰሙት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ማስታወሻ እይዝ ነበር።

ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ “ለምን እንዲህ አሉ አያ?” አልኳቸው።

“አንተን ከሥራህ ያባርሩሃል። እኔን ከእርሻዬ ማን ያባርረኛል?” አሉኝ።

መኪና ውስጥ አላስችል አለኝና ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። 

“ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል” አለኝ። “ስለዚህ የቀመሰው ገበሬው ነው።”

ዛሬም ሥልጠና እሰጣለሁ። ዘሩን መቅመሴን አሁን እስቅበታለሁ፤ አያ ኪሮስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእኔ የሚገባውን ተግሳጽ ሲቀበሉ ዝም ማለቴ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።