አክስቴ ልጅን ሳታስፈቅድ አትነካም ነበር
አክስቴ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ልጆችን የምታሽ ወጌሻ ነበረች። ልጁ «ሕራይ» ካላላት፣ እሺ ማለት ነው፣ እጇን አታሳርፍበትም።

በትግርኛ የነበረው ትምህርት በአማርኛ የሆነ ዓመት፣ የልጄ ቁርጭምጭሚት ዞሮ አበጠ። እኔ እንደ አባቴ ብረት አግዬ ልተኩሳት ነበር። አክስቴ ብረቱን ከእጄ ቀምታ ጣለችና ዘይት አሞቀች።

«ልንካሽ፣ ጓለይ?» አለቻት፤ ልጄ ማለቷ ነው።

«ሕራይ ብላለች» አልኳት እኔ።

«አንተ ደንቆሮ፣ እግሩ ያንተ ነው እንዴ?»

ልጄ እስክትፈቅድ ድረስ የአክስቴ ሻሂ ቀዘቀዘ። በሳምንቱ ልጄ በእግሯ ትምህርት ቤት ሄደች። ይህን ጽሑፍ የምታርምልኝም እሷው ናት።

አሁን የአክስቴ በርጩማ ባዶውን ቀርቷል። ትናንት ጉልበቴን ቢያመኝ፣ ልጄ ዘይት አሙቃ መጣችና ቆመች።

«ልንካህ፣ ኣቦይ?»

«ሕራይ» አልኳት። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ፣ አክስቴ።