ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ የከተቱት ወይዘሮ ጥሩወርቅ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካረፉ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆናቸው። ቀራንዮ ከሚገኘው ቤታቸው ወጥተው በማግስቱ መድኃኔዓለም ተቀበሩ። ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ይልቁንም የልጃችሁን እጅ ይዛችሁ በራቸውን ላንኳኳችሁ ወላጆች፣ መርዶው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። እኔ የምጽፈው ሌላ ጉዳይ ስላለኝ ነው።

እስላም ነኝና በቀብሩ ዕለት ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ግን ቃሉ ሁሉ ይሰማኛል። ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣ ከረባት ያሰረ ሰው «ትሑትና ለአለቆቻቸው ታዛዥ የነበሩ» ብሎ አነበበ። ዱላዬን መሬት ላይ መታሁ። አጠገቤ የቆመው ጎረቤቴ «ከድር ተው፤ ለቀብር ነው የመጣነው» አለኝ። ለቀብር መጣን እንጂ እውነቱን አብረን ልንቀብር አልመጣንም።

ሰውዬው ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት።

«አንተ ልጅ፣ ታዛዥ ያልካቸው ማንን ነው?»

«አባባ፣ የሞተ ሰው ሲነሳ ደግ ደጉ ነው የሚነገረው» አለኝ።

«መታዘዝ ሁሉ ደግ ነው ያለህ ማነው?»

ከረባቱን አስተካክሎ ሄደ። ስለዚህ መልሱን እኔ እጽፋለሁ። አጠና ተራ የምትውሉ ታውቁኛላችሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አጠና ስሸጥ የኖርኩ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነውና ፊደሎቼ ቢያስቋችሁ ሳቁ። ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የስተርጅናዬ ልጅ ሩቂያ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣልኝ። ለጎረቤት አስነበብኩት። «ልጅዎ ትምህርት የመቀበል ችሎታ የላትም፤ በሥነ ልቡና ምርመራ ሲረጋገጥ ትሰናበታለች» ይላል። ሥነ ልቡና ምን እንደሆነ የሚያውቅ በሰፈሩ አልተገኘም። «እብድ ከጤነኛ የሚለዩበት ነው» አሉኝ። ልጄን ባንድ እጄ፣ ዱላዬን በሌላው ይዤ ምርመራው ወደሚደረግበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

የምርመራው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የክፍሉ ሹም ነው፤ ወጣት፣ ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ። ሌላዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ጠረጴዛው ላይ ቀይና ነጭ የተቀቡ ትናንሽ እንጨቶች ተደርድረዋል። ልጁ ሥዕል ያይና እንጨቶቹን ገጣጥሞ ሥዕሉን ማስመሰል ነው ሥራው። ሹሙ ቁልፉን ሲጫኑት የሚቆም ሰዓት ይዟል። ሩቂያ አንዱን እንጨት አነሳች፤ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። ሌላውን አነሳች። ሰዓቱ ቀጭ አለ።

«ጊዜው አለቀ፤ ዜሮ ይጻፉ» አለ ሹሙ።

«ልጅቷ እኮ አልጨረሰችም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«ስላልጨረሰች ነዋ ዜሮ።»

«ልጄ እንጨት ስትመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኩ እኔ ከበሩ። ሹሙ እንድወጣ በእጁ ጠቆመኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ቀና ብለው አዩኝ።

«እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«አጠና እሸጣለሁ።»

«እሷስ ትረዳዎታለች?»

«እሷ ያልቆጠረችውን አልረከብም።»

የእስክሪብቶአቸውን ክዳን ገጠሙት። ዜሮውን አልጻፉም።

ቅዳሜ ዕለት አጠና ተራ መጡ። ነጋዴው ሁሉ ቤት የሚያሠሩ መስሎት «እመቤት፣ ወዲህ ነው ቀጥ ያለው!» እያለ ይሻማባቸዋል። እሳቸው ግንድ ላይ ተቀምጠው ሩቂያን ሲያዩ ዋሉ። የጭነት መኪና ሲራገፍ ሩቂያ ከላይ ወደ ታች ትቆጥራለች፤ ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። አንዱን አጠና ስትመርጥ ግርጌውን፣ ወገቡን፣ ጫፉን ታያለች፤ በድንጋይ ኳ አድርጋም ድምፁን ትሰማለች። አንዱ ደንበኛ «ቶሎ በይ እንጂ አንቺ!» ቢላት ዞራም አላየችው።

«ማነው እንዲህ ያስተማራት?» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«እኔ ነኛ። አንዴ ተጣድፋ የነቀዘ አሳልፋብኝ ክፉኛ ተቆጥቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሳታይ ቃል አይወጣትም።»

«እንግዲያው ዜሮውን የሰጧት እርስዎ ነዎት፣ አባባ ከድር» አሉኝ።

በሰው ፊት እንዲህ የደፈረኝ አልነበረም። ነገር ግን ልክ ነበሩ። እኔ ጥድፊያን ከልጄ እጅ ነቀልኩ፤ እነዚያ ደግሞ በጥድፊያ ለኳት።

ቤታችንም መጡ። እናቷን ስትወለድ እንዴት እንደነበረች፣ ታማ ታውቅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስቃት፣ ማንን እንደምትፈራ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምትቆጥር ጠየቁ። ከኋላዋ ቆመው በሹክሹክታ እየጠሩ ጆሮዋን ፈተኑ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ተራው የእርስዎ ነው።»

«እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ልጅ ብቻዋን አትበቅልም» አሉ። ቁጥር እየጠሩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስደገሙኝ። ሥዕል እያሳዩ አስተረቱኝ። ሲጨርሱ «እርስዎ ያልተማሩ እንጂ የማይማሩ ሰው አይደሉም» አሉኝ። ባለቤቴ «ግትርነቱንም ጻፉት» ብላ ሳቀች። «መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው» አሏት።

በሳምንቱ ሩቂያን እንደገና ጠረጴዛው ዘንድ አስቀመጧት። ሰዓቱን አነሱና መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ሹሙ ቆሞ ያያል። ሩቂያ እንጨቶቹን ገጠመች፣ አፈረሰች፣ እንደገና ገጠመች። ሥዕሎቹን በሙሉ ጨረሰች፤ የመጨረሻውን፣ ከባዱን ጭምር።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ደንቡን ያውቁታል» አለ ሹሙ። «ያለ ሰዓት የውጤት ቁጥር የለም።»

«አዎን፣ ቁጥር የለኝም።»

«ቁጥር የሌለበት ወረቀት ላይ አልፈርምም።»

«እኔ ፈርሜበታለሁ» አሉት።

የውጤቱን ቦታ ባዶ ትተው በጀርባው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉ። ሲነበብልኝ «ንባቧ ደካማ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ጊዜ ያስፈልጋታል» የሚል ሰማሁ። «ይህን ደግሞ ምን አስጻፈዎት?» ብዬ ተቆጣሁ። «ደግ ደጉን ብቻ ከጻፍኩማ እኔም ግማሽ ሰው ነው የጻፍኩት» አሉኝ።

ያንን ወረቀት ይዘው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዘንድ ራሳቸው ሄዱ። ሩቂያ ከክፍሏ አልወጣችም። የወጡት እሳቸው ናቸው። ከምርመራው ተነስተው ምድር ቤት ካለው መዝገብ ቤት ተመደቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋይል ሲያመላልሱ ኖሩ። «ይቅርታ ይጠይቁና ይመለሱ» ተብለውም ነበር። «ልጅቷን ይቅርታ ይጠይቋት፤ ያን ጊዜ እመለሳለሁ» ብለዋል። ይህን ነው ያ ከረባት ያሰረው ሰው ታዛዥነት ያለው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ሰው ይቀበሉ ጀመር። ልጅም አዋቂም ይመጣል። መኪና ከተገለበጠበት በኋላ ስም የሚጠፋበት አንድ ሾፌር ነበር፤ ዘመዶቹ ጅል ሆነ ብለው ትተውታል። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ሞተር ሲፈታ አዩት። አንዲት ብሎን ሳትጠፋው መልሶ ገጠመው። ዘመዶቹን ጠርተው «የጠፋው ስማችሁ ነው፤ ሙያው ቤቱ አለ» አሏቸው።

እንግዲህ ግማሽ ሰው እንዳልጽፍ የሚነቀፈውንም ልጻፍ። ቀጠሮ አያከብሩም ነበር። ጠዋት እመጣለሁ ብለው ለምሳ ይመጣሉ። ወላጅን በልጁ ፊት ይገሥጻሉ። ተከራክረውም ተሸንፈው አያውቁም፤ እኔ ራሴ አሥር ዓመት ሞክሬያለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ልዙር፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ሩቂያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ዛሬም ከፈተና ክፍል መጨረሻ የምትወጣው እሷ ናት፤ ዛሬም ሁለት ጊዜ ታያለች። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፤ የማልማር ሰው እንዳልሆንኩ እርስዎ ስለነገሯት ፋታ አልሰጠችኝም። ይህን ወረቀት «ላርምልዎት፣ አባዬ» ብትለኝ እንቢ አልኩ። ከቀብርዎ ማታ ጀምሬ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሰዓት የያዘብኝ የለም።

አላህ ማረፊያዎን ያስፋው፤ አፈሩም ይቅለልዎት። ደህና ይሁኑ። ታዛዥ አልነበሩም። የጻፍኩትን ከላይ ወደ ታች፣ ከታችም ወደ ላይ አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው።