ለሐሙስ ያልደረሰ በር

ብሩሽ የያዘ ሁሉ ቀለም ቀቢ እንዳይመስላችሁ። ብሩሽማ ዝንጀሮም ይይዛል። አያ ዘይት ግን ቀለም ቀቢ ነበር። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ እንጨት ላይ ከዘይት ቀለም ሌላ አላሳርፍም ብሎ ስላስቸገራቸው ነው። እሱ የቀባው በር ፊት ቆሞ ጢሙን የተላጨ ሰው አለ። ውሸት ከመሰላችሁ ሄዳችሁ በሩን እዩት፣ እስካሁን ያብረቀርቃል። የአንድ ነጋዴ ቤት የደረጃ መደገፊያ ሲቀባ ደግሞ ዝንብ አርፋበት ተንሸራታ ወደቀች ይባላል። እቺን እንኳ ትንሽ ጨምረውባታል፣ ብዙ ግን አይደለም።

የውሃ ቀለም የሚሉትን ነገር ዓይኑ ማየት አይፈልግም። ለግድግዳ ይሁን፣ ግድግዳ ምን ያውቃል፣ ይላል። እንጨት ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ይሻክራል፤ ገብቶ የሚያስተኛው ዘይት ነው። አንዴ ይሄን ወሬ ካስጀመራችሁት ምሳ ሰዓት ያልፋችኋል። አንድ ኢንጂነር እንዲሁ አስጀምሮት ስብሰባ አምልጦታል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሙያ እያለው የገዛ ሚስቱ የምትተኛበት ክፍል በር፣ የመስኮቱ መቃን፣ ከግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ዞኮሎ ሳይቀር አናጢው እንደተወው ነበር። ሰላሳ ሁለት ዓመት። በየዓመቱ እቀባዋለሁ ይላል፤ ከሰው ቤት ሲመለስ ክንዱ አይነሳለትም። እሷም አትምረውም። እንግዳ ሲመጣ፣ "የቀለም ቀቢው ቤት ይሄ ነው፣ በሩን ያየ አይሳሳትም" እያለች ሰዉን በሳቅ ትገድለዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

በኋላ ሳንባዋ ታመመ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ከዚያ ብርድ ነው ተባለ፣ መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ገባችና ሁለት ወር ተኛች። ሐኪሙ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ እዚህ ብትሆንም ቤቷ ብትሆንም ያው ነው አላት። ልጅቷ ማለት አንድ ያላቸው ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ እንደ አባቷ እጇ የተባረከ፣ እንደ እናቷ አፏ የማያርፍ። ያን ቀን ግን አፏም አረፈ።

እናትየው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በገዛ አልጋዬ፣ በመስኮቴ በኩል ልተኛ፤ እዚህ በሰው ሳል መሀል አልሙት። ሐሙስ ከነኦክስጅኗ ትወጣለች ተባለ። ሐኪሙም ጭስ፣ ሽቶ፣ የሚሸት ነገር በሙሉ እንዳይደርስባት ብሎ አስጠነቀቀ።

እሁድ ለት አያ ዘይት ሊጠይቃት ሄደ። ጭምብሉን ከአፏ ገለጥ አድርጋ፣ "በሩን ቀባኸው ወይ?" አለችው።

ቀልድ ነበር። ያው የድሮው ቀልድ። እሱ ግን እንደ ቀልድ አልሰማውም። ሳይቀባው ብትሄድስ ብሎ አሰበ፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሐሙስ ሳይደርስ እቀባዋለሁ ብሎ ወሰነ።

ልጅቷ ሐሳቡን ስትሰማ ተው አላለችውም። አባቷን ታውቀዋለች። ሁለት ጣሳ የውሃ ቀለም ገዝታ መጣችና፣ ይሄኛው አይሸትም፣ የዛሬው እንደ ድሮው አይደለም፣ ለእንጨት ብለው የሠሩት ነው ብላ አስረዳችው።

"የእናትሽን በር ውሃ ልቀባው?" አላት።

ጣሳዎቹን አልጋ ሥር ገፋቸው። በጣቱ ቆጠረ፤ ሰኞ መፋቅ፣ ማክሰኞ አንድ እጅ፣ ረቡዕ ሁለተኛ እጅ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ይውላል፣ ሐሙስ ሽታው የለም። አርባ ዓመት ሲቆጥር አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ሰኞ እንዴት እንደሠራ ብታዩ! በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን እስኪለሰልስ ፋቀው፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነው፣ እንደገና ፋቀው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አነሳው። ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን እጅ ቀባ፤ አንዲት የብሩሽ መስመር የለችበትም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። እንዲህ ያለ ዝናብ ያን ሰሞን አልታየም፤ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ የማያቋርጥ ካፊያ። በእንደዚህ ያለ ብርድና እርጥበት የዘይት ቀለም እንደ ማር ሆኖ ይቀራል። ረቡዕ ጣቱን ሲያሳርፍበት ቀለሙ ጣቱን ተከትሎ መጣ። ስንቱን ሰው "ባልደረቀ ላይ አትደርብ" እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ከነጩ ሥር እንጨቱ ገና ይታያል። ለእሷ እንዲህ ያለ ሥራ ማሳየት አልሆንለት አለ። ደረበበት።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ አልጋውን ልታነጥፍ ገባችና ዓይኗን ይዛ ተመልሳ ወጣች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሽታው ሁለቱንም ሞልቷቸዋል። ልጅቷ የምትኖርበት ክፍል ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እናቷ ያን ደረጃ አትችለውም።

"አባባ፣ እዚህ ነው እማማን የማስገባት?" አለችው።

ልጅቷ ሆስፒታል ደውላ ለሰኞ እንዲያደርጉላት ለመነች። ለእናትሽ ግን እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት አለ አያ ዘይት። ጃኬቱን ገልብጦ ለብሶ ሄደ፤ ልጅቷም አላረመችውም።

ገና ሲገባ አየችው። ልብሷ ተጣጥፎ እግሯ ሥር ተቀምጧል፣ ፀጉሯን ተበጥራለች። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

"ዘይት ነው አይደል?" አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባትና ነርሷ መጣች። ሳሉ ሲተዋት እጁን ሳበች፣ ጣቶቹ መሀል የደረቀውን ቀለም በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።

"እኔ እኮ ለቀልድ ነው። እንዳለ ቢሆን መች ጠላሁት?"

"ሰኞ ትገቢያለሽ።"

"እሺ። አትቸኩል ታዲያ። ስትቸኩል ወለሉን ታበላሸዋለህ፣ እኔ አይደለሁ የማጸዳው።"

አርብ ለት በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ደጅ አወጣው። መቃኑን ግን መንቀል አይቻል፤ በስለት ይፍቀው ጀመር። በቀለም ዘመኑ የገዛ ሥራውን ሲልጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት እየተጨማደደ ይወርዳል፣ በጋዜጣ ይጠቀልለዋል፣ ወስዶ ይጥለዋል። ቅዳሜን ሙሉ ሲልጥ ዋለ። ዞኮሎውን በጉልበቱ እየዳኸ ላጠው፤ ክፍሉን በሳሙና አጠበ፣ መጋረጃውን አውጥቶ ጣለ። አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ቆሞ እየተመለሰ እየገባ ያሸታል። አፍንጫዬ ሞቷል መሰለኝ ብሎ ጎረቤቱን አናጢ ጠርቶ አስሸተተው። አናጢው ሽታ የለም አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አናጢ ስለ ቀለም ምን ያውቃል ብሎ ይከራከረው ነበር። ያን ቀን አመሰገነው።

እሁድ ጠዋት አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ጣሳዎቹን አወጣ። ከፈተና ብዙ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ቀባ። ቀለሙ ይሮጣል፤ እሱ በለመደው እርጋታ አይያዝም፣ ብሩሹን መልሶ ሲያሳልፍበት እየደረቀ ይይዝበታል። ግን ነጭ ነው፣ አይሸትም። በሩ በኩል ያለውን መቃን ጨርሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስድስት ሰዓት ገደማ ልጅቷ ከሆስፒታል መጣች። ኮቴዋን ሰማ፣ ዞር አላለም።

"አባባ" አለችው።

"መቃኑን እንዳትነኪ፣ ከቀባሁት አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።"

ልጅቷ አልሰማችውም። በትከሻዋ ተደገፈችና በመቃኑ ላይ እየተንሸራተተች ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዞሮ አያት። እናቷ ሰኞ ጠዋት ለብሳው እንድትወጣ የተጣጠፈላት ልብስ በክንዷ ነበር።

ብሩሹን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ሄዶ አነሳት። አቆማትና ከልማዱ የተነሳ ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ልብሷ ምን ያህል እንደተበላሸ ሊያይ። ሰማያዊ ቀሚስ ነው፣ ነጭ ነገር ቢነካው ከሩቅ ይታያል። ትከሻዋን አየ፣ እጅጌዋን አየ። መቃኑ ደርቆ ኖሯል፤ አንዲት ነጥብ የለችም።

"አባባ፣ ተው" አለችው።

እሱ ግን ቀሚሷን በመዳፉ እያበሰ ይፈልግ ነበር።