ሽቦ የሌለው አምፖል

አባቴ ውሸታም አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት አስነስተው፣ በገዛ አፉ "ዋሽቻለሁ" አሰኝተውታል። ይህ ግፍ ነው፤ ግፍ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ዛሬም መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር እሱ ይመጣብኛል። ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። በደርግ ጊዜ የመብራቱ ምሰሶ ታች አስፋልቱ ጋ ቆሞ ቀርቷል፤ እኛ በኩራዝ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይወርዳል፣ ከቤት ደግሞ የላምባው ሽታ ይወጣል፤ ሁለቱ ደጃፋችን ላይ ይገናኙ ነበር።

አባቴ ሹፌር ነበር። የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ወደ ምዕራብ የሚወርዱ ባለሙያዎችን ያመላልሳል። አንድ ቀን በመሐረብ የተጠቀለለ ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ካሰብኩት በላይ ቀላል ነበር፤ ጣቶቼንም አጠቆራቸው።

"የማመላልሰው መሐንዲስ ነግሮኛል፤ ይሄ ነዶ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ መብራት ይሆናል። የራሳችን መብራት፣ ከራሳችን መሬት!"

እናቴ ሳቀች። "እስቲ መጀመሪያ ሽሮዬን ያብስልልኝ" አለችው።

በሳምንቱ አምፖል ገዝቶ መጣ። ሽቦ የለ፣ ምሰሶ የለ፤ በሲባጎ አስሮ ከጣሪያው አንጠለጠለው። መብራቱ ሲመጣ ተዘጋጅተን እንጠብቀው ብሎ ነው። ጎረቤት አይቶ ሰቀለ፣ የጎረቤት ጎረቤትም ሰቀለ። ክረምት ሳይገባ ዳገቱ ላይ ያለ ቤት ሁሉ በሲባጎ የተንጠለጠለ አምፖል ነበረው። እኛ ለኢድ እንወለውለዋለን፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለሚካኤል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጨረሯ በበር ገብቶ መስታወቱ ውስጥ ይቀመጣል። ያኔ በቃ በራ እላለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ ትንፋሼን ይዤ አየው ነበር።

ክረምቱ ሄደ፤ ሌላም ክረምት ሄደ። መብራት የለም። አባቴም ወደ ምዕራብ መሄዱን ተወ፤ የጭነት መኪና ሰጡት። ስንጠይቀው "ይመጣል" ብቻ ነው መልሱ። የሰፈር ልጆች "የአቶ አምፖል ልጅ፣ እስቲ አብሪልን!" ይሉኝ ጀመር። አንዱን በጥፊ አጮልኩት፤ እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።

በዚያ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ነበር። ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነሳና የራሱን ጥፋት ይናገራል። አባቴን አስነሱት። እኔ ውጭ ቆሜ በመስኮት አያለሁ።

"ሰፊውን ሕዝብ በወሬ አታለሃል" አለው ሊቀመንበሩ። "ማነው የነገረህ? ስሙን ጥራ!"

ጥራው፣ ጥራው እላለሁ በልቤ። አባቴ ቆቡን አወለቀ።

"ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው ያወራሁት። ዋሽቻለሁ።"

አዳራሹ ሳቀ። አብረውን አምፖል የሰቀሉት ሳይቀሩ ሳቁ።

በማግስቱ ሲባጎውን ቆረጠው። "መሐንዲሱን ለምን አልጠራኸውም?" አልኩት። "ተይው ልጄ" አለኝ። ብዙ ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሳይነግረኝ ሞተ።

ካቻምና ቀበና ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ያረጁ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ጥንቱ የከሰል ፍለጋ ሥራቸው ሲያወሩ ሰማሁና ማን እንደሆኑ ገባኝ፤ እኚያ መሐንዲስ ናቸው። የሹፌሩ ልጅ ነኝ አልኳቸው። የያዙትን ሻይ አስቀመጡ።

"አባቴ በሰው ፊት ሲዋረድ እርስዎ የት ነበሩ?" አልኳቸው፣ ለቅሶተኛው እየሰማ።

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

"ፍለጋው እንዲቆም ታዘዘ። ከሰሉን ለሕዝብ ያወራው ማነው እያሉ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ቢያገኙኝ መታሰሬ ነው። ባለቤቴ ልትወልድ ደርሳለች። አባትሽን ስሜን አታንሳ ብዬ ለመንኩት። አንተስ፣ ያንተ ልጅ በሰፈር ልጆች መሳቂያ ትሁን ወይ ስለው፣ 'የኔዋ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች' አለኝ።"