በራሷ እጅ የተጻፈ ማመልከቻ

የእናቴ ስም ወጣ። ሥራ አጥ ሆነው ወደ ትምህርት ለሚመለሱ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን ድጋፍ ካገኙት መካከል፣ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከላይ አራተኛ ናት። አንብቤ ሳልጨርስ እግሬ በደስታ ወደ እትዬ ዘይነባ ቢሮ ሮጠ። በሩ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። እትዬ ዘይነባ ካረፉ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።

ላላወቃችኋቸው፣ እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው አዳማን አገራቸው ያደረጉ፣ የቀበሌያችን ሥራ ፈላጊዎች መዝጋቢ ነበሩ። እናቴ ባቱ ከተማ የአበባ እርሻ ላይ አበባ አሻጊ ነበረች። ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም ተቀነሰችና ወደ አዳማ መጣን። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ቀጥላ ኤሌክትሪክ መማር ፈለገች፤ ያለ ድጋፉ ግን የማይታሰብ ነበር። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላት። ቀበሌው ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው እንደሚጽፉት ሰዎች አሳምሬ፣ «ለተከበረው መሥሪያ ቤትዎ በታላቅ ትሕትና» ብዬ።

እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

«አበባ አሻጊ ነበርሽ ወይስ ዳኛ?»

ሳቄ አመለጠኝ።

«አሃ፣ ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አሉኝና ከጠረጴዛቸው ጎን ያለውን ወንበር ለእናቴ ሳቡላት። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ በራስሽ እጅ ጻፊው። ክፍል ስትገቢ ማን ሊጽፍልሽ ነው?»

«እጄ እኮ ረስቷል፣ እትዬ።»

«ጽጌረዳን ከነእሾሁ የያዘ እጅ እስክሪብቶ አያቅተውም።»

እናቴ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። ከኋላችን የተሰለፈ የባጃጅ ሹፌር «እትዬ፣ እኛ እዚሁ ልናረጅ ነው» አለ።

«ቀጣዩ አንተ ነህ። እስክሪብቶ ይዘሃል?»

ኪሱን ሲደባብስ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት።

ስንወጣ ጠሩኝ። «አንቺ ደግሞ መጻፍ ከወደድሽ የራስሽን ጻፊ።» ይኸው፣ የመጀመሪያዬ ይህ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ፤ ከዚያም አጣናቸው። ያ ሹፌር በቀብራቸው ዕለት ሰው በነፃ ሲያመላልስ ዋለ። በሳምንቱ እናቴ ጉዳይዋን ልትጠይቅ ስትሄድ «ወረቀትሽ አልተገኘም» ተባለች። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሰሌዳው፤ ባዶ። ወደ ቤት እጀምርና፣ አሁን ለጥፈውት ቢሆንስ ብዬ ከመንገድ እመለሳለሁ። ሰው ሞቶ ወረቀት ማሰቤ ያሳፍረኝ ነበር። እናቴ «ተዪው በቃ» አለችኝ፤ እሷ ራሷ ግን የፊዚክስ መጽሐፌን ተደብቃ ስታነብ አገኘኋት።

ዛሬ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ በእትዬ ቦታ የተተኩት ሠራተኛ ነገሩን አጫወቱኝ። መሳቢያውን ሲያጸዱ አንድ ፌስታል አገኙ። የእናቴም፣ የሹፌሩም፣ የሌሎችም ማመልከቻ ውስጡ ነበር፤ ሁሉም ስርዝ ድልዝ የበዛበት። በእናቴ ወረቀት ኅዳግ ላይ እትዬ በቀይ እስክሪብቶ «በራሷ እጅ የተጻፈ፤ ስትጽፍ አይቻለሁ» ብለው ፈርመዋል። ድጋፉን ለሚወስነው ኮሚቴ የቀረበው እሱ ነው።

እትዬ ዘይነባ፣ እናቴ ሰኞ ክፍል ትገባለች። ደብተሯን ሸፍና ስሟን ጽፋበታለች፤ እኔ አልነካሁትም። ሠራተኛው ከጠረጴዛዎ ጎን ያለውን ወንበር ወደ ዕቃ ክፍል ሊያስገቡት ሲሉ «እባክዎ ይተዉት» አልኳቸው፤ ተዉት። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ፤ በሰላም ይረፉ። እኔ ደግሞ ሥራ አጥተው ቤት ለተቀመጡ ሁሉ የእርስዎን ጥሪ ላድርስልዎ። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ተጀምሯል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ባትይዙም ኑ። ወንበሩ እዚያው ነው።