ወንበሬን የወሰደ ምስክርነት

ያ አልጋ ላይ የጣለኝ ቫይረስ ትኩሳቱንና ሳሉን ይዞ ሲሄድ አቅሜን አልመለሰልኝም። ዲላ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ጠመኔ ይዤ ሁለት ሦስት መስመር ስጽፍ ክንዴ ይዝላል፤ ከሰሌዳው ዞር ስል ክፍሉ ይዞርብኛል። አንድ ቀን ጠንከር ብዬ ከዋልኩ በማግስቱ ከአልጋ አልነሳም። ርዕሰ መምህሩ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ክፍለ ጊዜዬን በግማሽ ቀነሰልኝ፤ ተቀምጬ እንዳስተምርም ወንበር አስገባልኝ። ሥራዬ የቆመው በዚያች ወንበር ነበር።

ሆስፒታል ደሜን መርምረው ንጹሕ ነው አሉና ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ላኩኝ። ትሑት ወጣት ነው፤ በዚያ ላይ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ። በሽታው አልቋል፣ የቀረው ታምሜአለሁ የሚለው ሀሳብና ፍርሃቱ ነው፣ ሀሳቡን እየቀየሩ በየቀኑ መንገድ መጨመር ነው መድኃኒቱ አለኝ። እሺ ብዬ ዳገቱን ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው እየጨመርኩ ወጣሁ። በጨመርኩ ቁጥር አልጋ ላይ ዋልኩ። ይህንን ስነግረው፣ የሚናገረው ፍርሃትዎ ነው አለ። ደከመኝ ብል ፍርሃት፣ ዝም ብል ፍርሃት፣ ብቆጣማ የባሰ ፍርሃት! እንዲህ ያለ ሕክምና ያንገሸግሸኛል። የረዳቸው ሰዎች አሉ፣ አልክድም፤ ጎረቤቴ ከጭንቀቷ የወጣችው በእሱ ነው። እኔ ግን አልተጨነቅኩም፣ ደከመኝ እንጂ። የላከኝን ሐኪም ሄጄ ብጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚህ ነገር ሐኪሞችም ገና እየተከራከሩ ነው አለኝ። ታዲያ ለምን ላክኸኝ ብለው፣ ሌላ የምልክበት ቦታ የለኝማ አለ። ወይ ጉድ!

ከዚያ አማካሪው አዲስ ነገር አመጣ። ሀሳብ የሚጸናው በሰው ፊት ሲነገር ነውና እሑድ ተነሥተው ድኛለሁ ብለው ይመስክሩ አለኝ። እኛ ዘንድ ምስክርነት የዋዛ ነገር አይደለም። እሑድ ማይክ ይዞ ድኛለሁ ያለ ሰው ሰኞ አመመኝ ካለ፣ ጌታን ውሸታም አደረገ ይባላል። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እዚያው ነው ያደገው። መመለሻ እንዳይኖረኝ ነው የፈለገው፤ መመለሻ ማጣት ፈውስ መስሎታል። እኔም መዳኑን ክፉኛ እፈልገው ነበርና ተነሥቼ ድኛለሁ አልኩ። እልልታው ቀለጠ።

ርዕሰ መምህሩም ከምእመናኑ መሃል ነበር። ሰኞ ክፍል ስገባ ወንበሯ የለችም፤ የቀነሰልኝ ክፍለ ጊዜም ተመልሷል። ብጠይቀው ከልቡ ደስ ብሎት፣ ለዳነ ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል አለኝ። በገዛ አፌ ታስሬአለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ እኮ አልደበቅኩም፣ እነሱ ናቸው በእልልታ የሸፈኑት። ረቡዕ ሰሌዳው ሥር ተዘርሬ ተገኘሁ።

ርዕሰ መምህሩና አማካሪው ሙዝ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ልታስታምመኝ ከፍስሐ ገነት የወረደችው እናቴ ርዕሰ መምህሩን ቤት ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ አማካሪው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጸለዩ። ከዚያ አማካሪው እጄን ያዝ አድርጎ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጠየቀኝ።

«መምህርት፣ ከመውደቅዎ በፊት ምን ሀሳብ መጣብዎ?»

«ወንበሬን ማን ወሰዳት የሚል።»

ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። በዚህ ሀሳብ ላይ እንሠራለን።»

አስጠላኝ። ልስላሴው ራሱ አስጠላኝ። እጄን መንጭቄ አስለቀቅኩ።

«ሀሳቤን ተወው፤ ወንበሬን መልሱልኝ። እሑድም ማይኩን አምጡልኝ፣ ተቀምጬ አልዳንኩም እላለሁ።»

እናቴ አሜን አለች። ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ፤ እስኪወጡ ድረስም ተመልሶ አልተቀመጠም።